የማይሙን ቤተ መንግሥትና የሥነ ሕንፃው ስያሜዎች

በሰሜን ሱማትራ፣ በሜዳን ከተማ፣ «ኢስታና ማይሙን» የተባለ የዴሊ ሱልጣኖች ሕንፃ ይገኛል። የተሠራው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1888 እስከ 1891 ባሉት ዓመታት፣ በሱልጣን ማእሙን አል ረሺድ ዘመን ነው። ስለዚህ ሕንፃ የተጻፈውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ገና ከመነሻው ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። ሕንፃውን ምን ብሎ ይጥራው? የተሠራበትንስ ስልት ምን ብሎ ይሰይመው? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን መርምረን የምንደግፋቸውን ስያሜዎች እናቀርባለን።

ከስሙ እንነሣ። «ኢስታና» ከሳንስክሪት ወደ ማላይ የገባ ቃል ነው፤ የቃሉ ሥር «ቆመ» ከሚል ግሥ የመጣ ሲሆን ፍችውም የመቆሚያ ወይም የጉባኤ ስፍራ እንደ ማለት ነው። «ማይሙን» ግን ዐረብኛ ነው፤ «ብሩክ፣ ዕድለኛ» ማለት ሲሆን፣ ሥሩ በግዕዝ ቀኝን ከሚያመለክተው «የማን» ጋር ይዛመዳል። እንግዲህ የሕንፃው ስም ራሱ ከሁለት የባዕድ ቋንቋዎች ተገጣጥሞ የማላይ ሆኗል።

«ኢስታና»ን «ቤተ መንግሥት» ብንለው፣ በማላይኛው ቃል ውስጥ የሌለ «መንግሥት» የሚል ሐሳብ እንጨምርበታለን። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የዴሊ ሱልጣኖች በ1946 በምሥራቅ ሱማትራ በተነሣው ዐመፅ የገዥነት ሥልጣናቸውን አጥተዋል፤ ሕንፃው ግን የሱልጣኑ ዘሮች በከፊል የሚኖሩበት፣ በከፊልም ጐብኚ የሚገባበት ሆኖ ቆሟል። ይሁን እንጂ አማርኛ ቃሉን ሥልጣን ከቀረ በኋላም አይተወውም፤ በመቀሌ የሚገኘውን የአፄ ዮሐንስን ሕንፃ ዛሬም «ቤተ መንግሥት» እንለዋለን። ስለዚህ ቃሉ ይጽና እንላለን፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጥቅስ ላይ «የቀድሞዎቹ የዴሊ ሱልጣኖች ቤተ መንግሥት» ተብሎ ይጻፍ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ሕንፃው የማላይ፣ የሕንድ ሙጋሎችና የአውሮጳ ስልቶች የተገናኙበት ስለ ሆነ ብዙ ተርጓሚ «ቅይጥ» ብሎ ያልፈዋል። «ቀየጠ» ግን እህልን ከእህል ሲያደባልቁ የሚነገር ነው፤ የተቀየጠው ነገር መለያው ይጠፋል፤ አንዳንዴም ንጽሕናው እንደ ጐደለ ይቈጠራል። በማይሙን ግን እንዲህ አይደለም። ከመሬት ከፍ ብሎ የተነጠፈው ወለልና የሱልጣንነት ምልክት የሆነው ቢጫ ቀለም የማላይ ናቸው። ሾጣጣዎቹ ቅስቶች የፋርስንና የሙጋልን ሕንፃዎች ያስታውሳሉ። የእብነ በረዱ ደረጃ፣ በሮቹና መስኮቶቹ ደግሞ አውሮጳዊ ናቸው። ተመልካቹ እያንዳንዱን ለይቶ ያውቀዋል። ስለዚህ «ጥምር ስልት» የሚለውን እንመርጣለን፤ የተጣመሩ ነገሮች አንድ ሥራ ቢሠሩም እያንዳንዳቸው መለያቸውን ይዘው ይቈያሉና።

ይህ ምርጫ ታሪኩንም ይጠብቃል። በ1863 የተጀመረው የዴሊ የትምባሆ እርሻ ሱልጣኑን አበልጽጎታል፤ ግዛቱ ግን በሆላንዶች የበላይነት ሥር ነበር። ማላያዊው ቀለም ከአውሮጳዊው ደረጃ ጋር መቆሙ የዚህ የሥልጣን ሚዛን ምስክር ነው። «ቅይጥ» የሚለው ቃል ግን ምስክሩን ይሸፍነዋል።

ወደ ሕንፃው ክፍሎች ስንመጣ አንድ ደንብ ለሁሉ አይበቃም። ሱልጣኑ እንግዳ የሚቀበልበት «ባላይሩንግ» 412 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ ይህ «የዙፋን አዳራሽ» ቢባል ጉድለት የለበትም። በማላይ «ቤራንዳ» የሚባለው ከፖርቱጋልኛ የተወሰደ ሲሆን የእኛ «በረንዳ» የዚያው ቃል ዘመድ ነውና መተርጐም አያሻውም። «ኩባህ» ከዐረብኛው «ቁባ» የመጣ ነው፤ ለዚህ «ጉልላት» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ ጉልላት በጥንተ ነገሩ በቤት ጣሪያ ጫፍ ላይ የሚቆመው ነው። ሁለቱ በአንድ ጽሑፍ ሲገናኙ ኩባህ «ቆብ መሰል ጣሪያ» ይባል፤ «ክብ ጣሪያ» ከተባለ ግን አንባቢው የጎጆ ክዳን ይመስለዋል።

የማላይ ጠራቢዎች የጌጥ ስሞች ግን በድምፃቸው ብቻ ቢገለበጡ ይሞታሉ። በጣሪያ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ የሚወርደውን ጌጥ «የተንጠለጠሉ ንቦች» ይሉታል፤ ሦስት ማዕዘኑን ጌጥ ደግሞ «የቀርከሃ ቡቃያ»። ንብንም ቀርከሃንም የሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ምስሉን ወዲያው ያያል፤ ስለዚህ ፍቺው ይቅደም።

በአጭሩ፣ አቻ ያለው በአቻው፣ ዘመድ ያለው በዘመዱ፣ ምስል የያዘውም በምስሉ ይተርጐም። ሠሪዎቹ እያንዳንዱን ስልት ለይተው እንዳቆዩት ሁሉ፣ ተርጓሚውም እያንዳንዱን ቃል በየመነሻው ለይቶ ሊያቆየው ይገባል።