የተቃጠለ ዘንዶ እንዴት ይድናል?

በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ሰዎች በቤታቸው ከሚያሳድጓቸው እባቦች መካከል ቦል ፓይተን የተባለው ትንሽ ዘንዶ እጅግ ከታወቁት አንዱ ነው። የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው፤ ከሴኔጋል ተነሥቶ በጋና፣ በቶጎና በቤኒን በኩል እስከ ኡጋንዳ ድረስ ይገኛል። መርዝ የለውም። አድጎ ሲጨርስ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ሲፈራ ራሱን መሀል አድርጎ ይጠቀለላል እንጂ ለመናከስ አይቸኩልም። ቤኒን ውስጥ በዊዳ ከተማ ይህ እባብ የሚከበርበት ቤተ መቅደስ አለ። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የኖረች አንዲት ሴት ዘንዶ በ2020 ሰባት እንቁላል ጥላለች፤ ዕድሜዋ በዚያን ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ እንደሚሆን ተገምቶ ነበር።

እንዲህ ረጅም ዕድሜ ሊኖር የሚችል እንስሳ በሰው ቤት ሲኖር ጤናው ሙሉ በሙሉ በአሳዳጊው እጅ ነው። በዚህ አኗኗር ደጋግሞ ከሚደርስበት ጉዳት አንዱ የቆዳ ቃጠሎ ነው። የሚያቃጥለው ሙቀት ነው፤ የሚያድነውም ሙቀት ነው። ልዩነቱ ያለው በልኩ ላይ ነው።

ቃጠሎው ለምን ይደርሳል?

እባብ እንደ ሰው ከውስጡ በቂ ሙቀት አያመነጭም። ምግብ ለመፍጨት፣ በሽታ ለመከላከል፣ ቁስል ለመጠገን ከአካባቢው ሙቀት መውሰድ አለበት። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የሙቀት አምፖል ይሰቀልለታል፤ ወይም ከሣጥኑ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ ይነጠፍለታል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበት ሰው ሠራሽ ድንጋይ ያስቀምጥለታል። መቆጣጠሪያ የሌለው ምንጣፍ ወይም ድንጋይ ግን ቆዳ እስኪያቃጥል ድረስ ሊግል ይችላል።

ብዙ ሰው የሚገርመው እባቡ ሲቃጠል ለምን እንደማይሸሽ ነው። የቦል ፓይተን ከንፈር ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ጉድጓዶች በጨለማ ውስጥ የአይጥ ገላ የሚረጨውን ሙቀት ለይተው ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ያው እንስሳ የጋለ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ሆዱ ሲቃጠል ሊቆይ ይችላል። የተሳቢ እንስሳት ሐኪሞች ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፦ በተፈጥሮ ሙቀት የሚመጣው ከላይ፣ ከፀሐይ ነው፤ እባቡም ቦታ የሚቀይረው መላ ሰውነቱ ሲሞቅ እንጂ ሆዱ የነካው ነገር ስለጋለ ብቻ አይደለም። የቀረው የሣጥኑ ክፍል ከቀዘቀዘማ በዚያች አንዲት ትኩስ ቦታ ላይ ይበልጥ ይጣበቃል።

ጉዳቱን ማወቅ

ቀላል ቃጠሎ የሆድ ቅርፊቶችን ያቀላል ወይም መልካቸውን ይለውጣል። ከዚያ የባሰው ውኃ ይቋጥራል፤ ፈሳሽም ያዣል። ጥልቁ ቃጠሎ የቆዳውን ሙሉ ውፍረት ይገድላል፤ ቦታው ይነጣል ወይም ይጠቁራል። በመጀመሪያው ቀን የሚታየው የጉዳቱ ሙሉ ገጽታ አይደለም፤ የተቃጠለው ሥጋ እስከ የት እንደሞተ ለይቶ ለማወቅ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ «ትንሽ ቀላ እንጂ ደህና ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው። እባብ አይጮኽም፤ ሕመሙን የሚናገረው በመደበቅ፣ ምግብ በመተውና ሲነካ ሰውነቱን በማጠንከር ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚደረገው ጥቂት ነው። የሚያቃጥለው ነገር ወዲያው ይነቀላል። የተቃጠለው ቦታ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ቀስ ተብሎ ይታጠባል፤ በረዶ ግን አይደረግበትም። ቅቤ፣ ዘይት ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ውኃ የቋጠረውን ማፈንዳት አይገባም። ለሰው ከተሠሩ ቅባቶች መካከል ማደንዘዣ የተቀላቀለባቸው ለእባብ አደገኛ ሊሆኑ ስለሚችሉ ይተዋሉ። ከዚያ እባቡ ተሳቢ እንስሳትን ወደሚያክም ሐኪም ይወሰዳል።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

ሐኪሙ ቁስሉን በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ወይም ክሎርሄክሲዲንና ፖቪዶን አዮዲን ከተባሉት ጀርም ገዳዮች በአንዱ፣ በደንብ አቅጥኖ፣ ያጥባል፤ የሞተውን ቆዳ ያነሣል። ለቃጠሎ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ቅባት ሲልቨር ሰልፋዲያዚን ነው። በተላጠው ቆዳ በኩል ብዙ ፈሳሽ ስለሚወጣ የፈሳሽ ምትክ ሊሰጠው ይችላል። የሕመም ማስታገሻም ያስፈልገዋል።

ኢንፌክሽን ሲኖር የእባብ ሰውነት ከሰው የተለየ መሆኑ ጎልቶ ይታያል። መግሉ እንደኛ ቀጭን ፈሳሽ ሳይሆን እንደ አይብ የጠጠረ ነው። በመርፌ ተስቦ ስለማይወጣ ሐኪሙ ከፍቶ ያወጣዋል። መድኃኒትም ከሰውነቱ የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ሴፍታዚዲም የተባለው አንቲባዮቲክ ለእባብ በተለምዶ በየሦስት ቀኑ አንድ ጊዜ ይወጋል። ከጅራት በኩል የሚመለሰው ደም በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ስለሚችል መርፌው ብዙውን ጊዜ በሰውነቱ የፊት ክፍል ይሰጣል። መጠኑን የሚወስነው በሚዛን የታወቀው የእባቡ ክብደት ነው፤ በቤት ውስጥ በግምት የሚሰጥ መድኃኒት የለም።

ቤት ውስጥ ማስታመም

ከሐኪሙ በኋላ ያለው ሥራ የአሳዳጊው ነው። መጀመሪያ ሣጥኑ ባዶ ይደረጋል። የእንጨት ፍቅፋቂ፣ አሸዋና አፈር ቁስል ላይ ስለሚጣበቁና ጀርም ስለሚይዙ ይወጣሉ፤ በምትካቸው ነጭ የወጥ ቤት ሶፍት ይነጠፋል። ነጭ መሆኑ ይጠቅማል፤ ደም ወይም ፈሳሽ ቢወጣ ወዲያው ይታያል። ሶፍቱ በየቀኑ፣ ሲቆሽሽ ደግሞ ወዲያው ይቀየራል። መደበቂያና ንጹሕ የመጠጥ ውኃ አይለዩትም።

ከዚያ ሙቀት ይስተካከላል። አንዳንድ ሰው እባቡ ስለተቃጠለ ብቻ ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል፤ ይህ የቁስሉን መዳን ያዘገያል። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ ጥናት ጋርተር የተባሉ እባቦች ቁስል በተለያየ ሙቀት ተመርምሮ፣ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ21 እና ከ13.5 ዲግሪ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚድን ታይቷል። ለቦል ፓይተን የሣጥኑ ሞቃት ጎን 31 ወይም 32 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ጎን 26 ዲግሪ ገደማ ቢሆን እባቡ የሚስማማውን ቦታ ራሱ ይመርጣል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የምግብ ነው። ጤነኛ ቦል ፓይተን ሳምንታት ሳይበላ መቆየት ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ቀናት በምግብ አይጨነቅም፤ መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይወስናል። ሲጀመርም አይጡ ትንሽና የሞተ ይሁን። በሕይወት ያለ አይጥ ነክሶ ሌላ ቁስል ሊጨምርበት ይችላል። ከሕክምናው ሰዓት ውጭ እባቡ አይነካካ። ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ ሊይዙ ስለሚችሉ ከነኩት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ የግድ ነው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ይበልጥ።

ቆዳው ሲለወጥ

የቁስሉ መዳን በግልጽ የሚታየው እባቡ ቆዳውን ሲለውጥ ነው። የእባብ የላይኛው ቆዳ እንደ ጥፍራችን ከኬራቲን የተሠራ ነው፤ ቅርፊቶቹም የዚያው ቆዳ እጥፋቶች ናቸው። ከሥር አዲስ ሽፋን ተሠርቶ ሲያልቅ አሮጌው ከአፉ ጀምሮ እስከ ጅራቱ ባንድ ላይ ተገልብጦ ይወጣል። ከዚያ በፊት ዓይኖቹ ደመና እንደ ሸፈናቸው ይደበዝዛሉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ መልሰው ይጠራሉ፤ ቆዳው የሚወልቀው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

የቆሰለ እባብ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ቆዳ ይለውጣል። በየዙሩም ቁስሉ እየጠበበ፣ አዲሶቹ ቅርፊቶች እየተስተካከሉ ይሄዳሉ። ቆዳው ቁስሉ ዙሪያ ተጣብቆ ቢቀር መሳብ አይገባም፤ ከሥሩ ያለውን ለጋ ቆዳ አብሮ ይልጠዋል። ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ እርጥብ ሶፍት ያለበት መደበቂያ ቢደረግለት ቆዳው ለስልሶ ይለቃል። ቀላል ቃጠሎ በሳምንታት ሊድን ይችላል፤ ጥልቁ ግን ብዙ ወራት ይፈልጋል፤ ቅርፊት የማይበቅልበት ጠባሳም ሊተው ይችላል። ጠባሳ ያለው እባብ ይበላል፣ ያድጋል፣ ረጅም ዕድሜም ሊኖር ይችላል። በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ በቀን በቀን የማይታየውን ለውጥ ያሳያል፤ ለሐኪሙም ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ድካም የሚቀርበት መንገድ አለ። የሙቀት ምንጣፍም ሆነ አምፖል ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ሳይኖረው አይሰካ። የቴርሞስታቱ መለኪያ እባቡ በሚተኛበት ቦታ ይደረግ፤ አምፖሉ እባቡ እንዳይጠመጠምበት በሽቦ ይከለል፤ የሚግለው ድንጋይ ይወገድ። ቴርሞስታት ሊበላሽ ስለሚችል ወለሉ በሌላ ቴርሞሜትር በየጊዜው ይለካ። ልጁ እባብ እንዲገዛለት የሚለምነው ወላጅም መጀመሪያ ሣጥኑንና ቴርሞስታቱን ይግዛ፤ ሙቀቱን ለጥቂት ቀናት እየለካ ልኩን ያስተካክል፤ እባቡን ወደ ቤት የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ይሁን።