የመጸው ብስኩት፦ ከፓርክላንድስ ማጀት እስከ ወታደሩ ስንቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጓዳችን እናቱ የላኩለት ድፎ ዳቦ 11 ቀን መንገድ ላይ ቆይቶ ከምድባችን ደረሰ። ጨርቁ ሲፈታ ዳቦው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ነበር፤ አብረን ወስደን ቀበርነው። ማታ በጻፈው ደብዳቤ ግን «ከጓዶቼ ጋር ተካፍለን በላነው፤ እጅሽ ይባረክ» አለ። ደብዳቤውን ሲያነብልን ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም።

ያ ዳቦ ትዝ ያለን፣ ለአጭር ኮርስ ወደ ናይሮቢ ሄደን ፓርክላንድስ በሚባለው ሠፈር ባረፍንበት ወቅት ነው። ፓርክላንድስ ከኬንያ ነፃነት በፊት ጀምሮ ብዙ የህንድ ተወላጆች የሰፈሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተው የአጋ ካን ሆስፒታል የሚገኝበት አካባቢ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ሲያስነጥፉ ከህንድ 32,000 የሚጠጉ ሠራተኞች አስመጥተው ነበር፤ ከ2,000 በላይ የሚሆኑት በሥራው ላይ ሞተዋል። ከተረፉት አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ቢመለሱም፣ ሐዲዱን ተከትለው የመጡት የጉጃራት ነጋዴዎች ሱቃቸውንም ማጀታቸውንም በዚያው ተከሉ።

በጥቅምትና በኅዳር መካከል፣ ጨረቃ በምትጠፋበት ሌሊት፣ ሂንዱዎቹ የመብራት በዓላቸውን ዲዋሊን ያከብራሉ። ለእኛ መጸው፣ ለናይሮቢ ደግሞ የአጭሩ ዝናብ መግቢያ መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን ከየቤቱ የሄልና የቅቤ መዓዛ ይወጣል፤ የሚጋገረው ናንካታይ የተባለው ብስኩት ነው። የጎረቤታችን እመቤት በሳህን ሲያቀርቡልን በመጀመሪያ የጠየቅናቸው ስንት ቀን እንደሚቆይ ነበር። «በደንብ ከተከደነ ሁለት ሳምንት» አሉን። ወዲያው ማስታወሻ ደብተራችንን አወጣን።

የመቆየቱ ምሥጢር ውኃ አለመግባቱ ነው። እርሾም ሆነ እንቁላል የለውም፤ ሊጡን የሚይዘው ቅቤ ብቻ ነው። 1 ብርጭቆ የረጋ ቅቤ ከ1 ብርጭቆ የላመ ስኳር ጋር ነጭ እስኪሆን ይመታል። ከዚያም 2 ብርጭቆ የተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ የሽምብራ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሄል፣ ቁንጥር ገውዝና ቁንጥር ቤኪንግ ፓውደር ይጨመርበታል። ሊጡ ተሰብስቦ እስኪያያዝ ብቻ ይነካካል እንጂ እንደ ዳቦ አይታሽም፤ ከታሸ ይደርቃል። በሄል ፈንታ የእኛን የካፋ ኮረሪማ ሞክረን ጠረኑ በረታብን፤ መጠኑን በግማሽ ስንቀንስ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ከናይሮቢው በለጠ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም የሚይዝ ቤተሰብ በቅቤው ፈንታ የረጋ የአትክልት ቅቤ መጠቀም ይችላል።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ቤት በ170 ዲግሪ ይጋግረዋል። የሌለውም አይጨነቅ፤ በህንድ አገርም ቢሆን ናንካታይ የተጋገረው ለረጅም ዘመን በከሰል ነው። ድፎ ዳቦ የደፋች እመቤት ዘዴውን አስቀድማ ታውቀዋለች፦ በብረት ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አሸዋ ይነጠፋል፤ ድስቱ ከጋለ በኋላ ድብልብሉ ሊጥ የተደረደረበት ትሪ ይቀመጥበታል፤ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል፤ ከሥር ያለው እሳት ይቀነሳል። ከ20 ደቂቃ በኋላ መታየት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኛም ተሳስተናል። ብስኩቱ ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ ያልበሰለ ይመስላል፤ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው። እስኪጠነክር እንጠብቅ ብለን የመጀመሪያውን ትሪ ከሰል አደረግነው።

ለመንገድ ሲታሸግ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ በትኩሱ ከተከደነ እንፋሎቱ መልሶ ያረጥበዋል። ክዳኑ የሚገጥም የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከሁሉ ይሻላል። በየረድፉ ወረቀት ይግባ፤ ክፍት ቦታ ከቀረ መኪናው ሲንጠው ተሰባብሮ ዱቄት ሆኖ ይደርሳል።

ቅቤው ያለ ቅመም የተነጠረ ለጋ ቅቤ እንዲሆን አደራ እንላለን። አሠራሩን ጽፈን በመጀመሪያ የላክነው ለዚያ ጓዳችን እናት ነበር። ብስኩቱ በዘጠነኛው ቀን አንድም ሳይሻግት ደረሰ፤ ግን ኮሰረት ኮሰረት ይል ነበር። ለምን እንደሆነ ልጃቸው በደብዳቤ ቢጠይቃቸው፣ ያለ ኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ለልጃቸው እንደማይልኩ መልሰዋል።