ጎርጎራ፦ በጣና ዳር አድሮ የመሄድ ጥቅም

አንዲት ትንሽ ከተማ ከሀገር ጎብኚ የምታገኘው ጥቅም የሚለካው እንግዳው በዚያ ባሳለፈው ሌሊት ነው። ረፋድ ላይ ደርሶ ከቀትር በኋላ የሚመለስ ሰው ገንዘቡን በብዛት የሚከፍለው ለመኪና አከራይና ለነዳጅ ሻጭ ሲሆን፣ እነዚህም አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ከተማ ሰዎች ናቸው። የሚያድር ሰው ግን አልጋ ይከራያል፤ እራትና ቁርስ ይበላል፤ በማለዳ ጀልባ ይይዛል፤ መንገድ መሪ ይቀጥራል፤ ሲመለስም ለቤተ ሰቡ የሚሆን ነገር ይገዛል። ይህን ቀላል የንግድ ሒሳብ ለመረዳት በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኘው ጎርጎራ መልካም ምሳሌ ትሆነናለች።

አስቀድመን የውጭ ሀገሩን ልማድ እንመልከት። በፈረንሳይ ሀገር በስተምዕራብ በብሬታኝ፣ የቪሌን ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት ስፍራ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ላ ሮሽ በርናር የምትባል ነዋሪዋ 1,000 የማይሞላ ከተማ አለች። ቀድሞ የባሕሩ ውሃ በሞላ ጊዜ ወንዙን ይዞ እየወጣ ጨው፣ ወይንና እህል የጫኑ መርከቦችን እስከ ወደቧ ያደርስላት ነበር። በኋላ ጭነቱ ወደ ባቡርና ወደ ካሚዮን ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ከከተማዋ በታች አርዛል በተባለው ቦታ ግድብ ስለ ተሠራ የባሕሩ ውሃ ወደዚያ መውጣቱን አቆመ። ከተማዋ ግን ወደቧን የመዝናኛ ጀልባዎች ማቆሚያ አደረገችው፤ የጥንት የድንጋይ ቤቶቿንም ጠብቃ አቆየች። ዛሬ እንግዳ የሚመጣው አሮጌውን ሰፈር ለማየት፣ በጀልባ ለመንሸራሸርና በወንዙ ዳር በእግር ለመጓዝ ነው። ሦስቱንም በአንድ ቀን ስለማይጨርስ ያድራል።

ጎርጎራም እንደዚሁ የወደብ ከተማ ናት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በጎርጎራ ወደብ ይገለገሉ ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከባሕር ዳር በሳምንት አንድ ጊዜ የሚነሣው መርከብ በዘጌ፣ በደቅ ደሴትና በቁንዝላ እየቆመ ሰውና ዕቃ ያመላልስ ነበር። የመኪና መንገድ ሲስፋፋ የመርከቡ ጭነት እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ የከተማዋ ቀሪ ሀብት ታሪኳና ውሃዋ ነው።

ከታሪኩ እንጀምር። በከተማዋ ዳር የምትገኘው ደብረ ሲና ማርያም በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን እንደ ተመሠረተች በስፍራው ይነገራል። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ስትሆን ጣራዋ የሣር ክዳን ነው፤ በመቅደሷ ግድግዳ ላይ ያሉት ያማሩ ሥዕሎች ከዐፄ ፋሲል እኅት ከመላኮታዊት ስም ጋር ተያይዘው ይታወቃሉ። ከዚህ በጀልባ ጥቂት ርቆ የሚገኘው የመንደባ መድኃኔ ዓለም ገዳም ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ ሴቶች እንግዶች ይህን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ሌላው ማርያም ግምብ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ ባደረጓት ጊዜ ኢየሱሳውያን ካህናት በሐይቁ ዳር የድንጋይ ሕንፃ አሠሩ። ከነርሱ አንዱ የነበረው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 የግልገል ዓባይን ምንጭ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1622 በጎርጎራ ዐረፈ። በዚያው ዘመን ድንጋይን በኖራ ማያያዝ በአካባቢው ተስፋፋ፤ ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሠው ኢየሱሳውያኑን ካስወጡ በኋላ ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ይኸው ሙያ ለግንቦቹ ሥራ ዋለ። እንግዲህ ጎንደርን አይቶ ጎርጎራን ያላየ ሰው ታሪኩን ከመካከል የጀመረ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ የሚራራቁትም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ማርያም ግምብ ዛሬ ፍርስራሽ ነው፤ የሚጠብቀውና የሚደግፈው ካላገኘ የቀረውም ግድግዳ መናዱ አይቀርም።

የውሃውን ጨዋታ በተመለከተ፣ ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ዝናሙ ያባራበት፣ ከአውሮፓም ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ አእዋፍ በሐይቁ ዳር የሚሰፍሩበት በመሆኑ ለጉብኝት የተመቸ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲቀዝፉ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጀልባ የሚይዝ ሰው ማለዳ ቢነሣ ይሻለዋል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይበረታልና። በውሃው ውስጥ ቆሞ መዋል ግን ቢልሃርዝያ ስለሚያስይዝ፣ ጉማሬም ስላለ፣ አይመከርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የገበታ ለሀገር ሥራ በጎርጎራ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ለከተማዋ መልካም ዕድል ነው፤ ነገር ግን አንድ ታላቅ ሆቴል ብቻውን ከተማ አያበለጽግም። እንግዳው ከሆቴሉ ወጥቶ ቆሮሶ ከምትጠብሰው ሴት ምሳ ካልበላ፣ ከታንኳ ሠሪው ጋር ካልተዋወቀ፣ ከአናሳ ማረፊያዎች ባንዱ የሚያድረው መጠነኛ ገቢ ያለው ጎብኚም ካልመጣ፣ ገንዘቡ በአንድ በር ገብቶ በዚያው በር ይወጣል።

በጌጃ ሰፈር ያለን ነጋዴዎች ይህ ምን ያገባናል የሚል ቢኖር፣ መልሱ በዱቤ መዝገባችን ላይ ተጽፎ ይገኛል። የማረፊያ ቤቱን ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ድስትና ፋኖስ የምንልከው እኛ ነን። በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት ወደ ሰሜን ለተላከ ዕቃ የማሳሰቢያ ደብዳቤ ስጽፍ፣ የሚመጣልኝ መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እንግዳ ስለ ቀረ ገንዘቡ ዘገየ የሚል። ደንበኛው ዕዳውን ክዶ አይደለም፤ አልጋው ባዶ ስለ ዋለ ነው። ስለዚህ የጎርጎራ ባዶ ሌሊት የአዲስ አበባ መጋዘንም ኪሳራ ይሆናል።

እንግዳውን ያስቀሩት ዋና ዋና ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ነው፤ ሰላም ከሌለ ስለ ጉብኝት መናገር ከንቱ ነው፤ ተጓዥም የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ካሉ ሰዎች ሳይጠይቅ መነሣት አይገባውም። ሁለተኛው ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ነው። ይህ አረም በደምቢያ በኩል ያለውን ዳርቻ ክፉኛ ያጠቃ ሲሆን፣ የጀልባን መንገድ ይዘጋል፤ የዓሣ አጥማጁንም መረብ ያበላሻል።

ሰላሙ እስኪጸና ድረስ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። በመጀመሪያ፣ የጀልባ፣ የመንገድ መሪና የአልጋ ዋጋ በግልጽ ተጽፎ በወደቡ ላይ ይለጠፍ፤ ዋጋው ያልታወቀ ዕቃ ገዢን ያስፈራልና። ሁለተኛ፣ ጀልባዎቹ የሕይወት አድን ጃኬት ይኑራቸው፤ ይህንንም በዱቤ ማቅረብ ለአስመጪዎቻችን አስቸጋሪ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የጎንደር ጉዞ የሚያሰናዱ ድርጅቶች በፕሮግራማቸው ላይ ለጎርጎራ አንድ ሌሊት ይጨምሩ። አባቶቻችን ከፍትፍቱ ፊቱ ይላሉ፤ እንግዳን በደግ ፊት መቀበል ደግሞ ካፒታል የማይጠይቅ፣ ትርፉም ፈጥኖ የሚገኝ ንግድ ነው።