ኮምፒውተር ሲበላሽ መረጃው አብሮ ይጠፋልን?

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ኮምፒውተር አልነሣም ይላል። የአባላት ዕጣ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት ዝርዝር፣ የቁጠባና የብድር ሂሳብ ሁሉ ያለው በዚያው ውስጥ ነው። በከተማም የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የነጋዴው የዱቤ መዝገብ ወይም የቤተሰቡ የሠርግ ፎቶ በተመሳሳይ መንገድ ከጠቆረ ስክሪን ጀርባ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች «ሁሉም ጠፋ» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ሌሎች ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዲነሣላቸው ብቻ በማሰብ ዲስኩን አስጠርገው እንደ አዲስ ያስጭናሉ። መረጃው በእርግጥ የሚጠፋው ግን በብልሽቱ ሳይሆን በዚህ ችኮላ ሊሆን ይችላል።

የኮምፒውተር ክፍሎች የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ፓወር ሰፕላይ ኃይል ያቀርባል፤ ማዘርቦርድ ክፍሎቹን ያገናኛል፤ ጽሑፉ፣ ሂሳቡና ፎቶው የሚቀመጠው ግን በሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። የጎተራው በር ቢሰበር እህሉ ጠፋ አይባልም። ፓወር ሰፕላዩ ቢቃጠል ወይም ዊንዶውስ አልነሣ ቢል እንኳ ዲስኩ ደኅና ከሆነ መረጃው በቦታው አለ። የሚፈለገው ሌላ በር ነው።

ይህን በር የሚከፍተው «ዶክ» በመባል የሚታወቅ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ከተበላሸው ኮምፒውተር የወጣው ዲስክ በዶኩ ላይ ይሰካል፤ ዶኩም በዩኤስቢ ገመድ ከሌላ ደኅና ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። በዚያን ጊዜ ዲስኩ እንደ ትልቅ ፍላሽ ሆኖ ይታያል። የዴስክቶፕ ዲስክ ባለ 3.5 ኢንች፣ የላፕቶፕ ዲስክ ደግሞ ባለ 2.5 ኢንች ይባላል። የሁለቱም መሰኪያ ሳታ የሚባለው ዓይነት ከሆነ አንድ ዶክ ለሁለቱም ያገለግላል። ትልቁ ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግ ዶኩ የራሱ የኃይል ማቅረቢያ ሊኖረው ይገባል።

ዶክ ከመግዛት በፊት የዲስኩን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። በቆዩ ኮምፒውተሮች ያለው አይዲኢ የተባለው ዲስክና በአዳዲስ ላፕቶፖች ያለው እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤም ዶት ቱ ዲስክ ለየራሳቸው የተሠራ ማገናኛ ይፈልጋሉ። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ደግሞ ማከማቻው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተበየደ በዶክ ማንበብ አይቻልም።

ሥራው ጥንቃቄ እንጂ ጥልቅ ሙያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ የላፕቶፕ ባትሪም የሚወጣ ከሆነ ይወጣል። ብሎኖቹ በተስማሚ ካቻቢቴ ይፈታሉ፤ ዲስኩም ሳይታገሉ ቀስ ተብሎ ይወጣል። ዲስኩ ዶኩ ጠፍቶ እያለ ይሰካል፤ ከዚያ ዶኩ ይበራል። የሚፈለጉት ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ በተጠቃሚው ስም በተሰየመው ፎልደር ውስጥ ይገኛሉ። ፋይሎቹም ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳሉ እንጂ ተቆርጠው አይወሰዱም።

እዚህ ላይ ሁለት አደገኛ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው፣ ዊንዶውስ ዲስኩን ማንበብ ሲያቅተው «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅ እሺ ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ዲስኩ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ በአፕል ወይም በሊኑክስ ኮምፒውተር ያገለገለ ደኅነኛ ዲስክ ላይም ሊመጣ ይችላል። መልሱ ሁልጊዜ «አይ» መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ሁለት ዲስክ በሚይዙ አንዳንድ ዶኮች ላይ ያለውን የመገልበጫ ቁልፍ ሳያጣሩ መጫን ነው። ምንጩና ተቀባዩ ዲስክ ቦታ ከተለዋወጡ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይገለበጥና መረጃው ይጠፋል።

የተበላሸው ራሱ ዲስኩ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ አሁን ነቀዙ ያለው በእህሉ ውስጥ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ እየታየ የሚጠፋ ዲስክ ወይም ከልክ በላይ የሚዘገይ ቅጂ የዚህ ምልክቶች ናቸው። በሚሽከረከር ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ጫፍ ከሰሌዳው በላይ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ርቀት ያንዣብባል፤ ሰሌዳውን ከነካ ይቧጭረዋል። ስለዚህ ደጋግሞ ማብራት ጉዳቱን ያሰፋል። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ ሽፋኑንም በቤት ውስጥ መክፈት አይገባም። መረጃው የማይተካ ከሆነ በመረጃ ማዳን ልምድ ላለው ባለሙያ መስጠት ይሻላል። ዲስኩ ገና የሚነበብ ከሆነም ባለሙያው በመጀመሪያ ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ በቅጂው ላይ ቢሠራ ይመረጣል።

በቢትሎከር የተቆለፈ ዲስክም በዶክ ሲነበብ ባለ 48 አኃዝ የማስከፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። የይለፍ ቃሉም ሆነ ይህ ቁጥር ከሌለ ዲስኩ ደኅና ቢሆንም አይከፈትም። ስለዚህ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ በሚሠራበት ጊዜ በወረቀት ጽፎ ከኮምፒውተሩ በተለየ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።

ዲስኩ ለጥገና ሲሰጥ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የማኅበር አባላትና የደንበኞች ምሥጢርም አብሮ እንደሚሰጥ መዘንጋት አይገባም። በተቻለ መጠን ሥራው ሲከናወን በቦታው መገኘት፣ አሮጌውንም ዲስክ ተቀብሎ መመለስ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ዶክ ከአደጋ በኋላ የሚገኝ ዕድል እንጂ ዋስትና አይደለም። ዋስትናው ኮምፒውተሩ ደኅና ሳለ የሚዘጋጅ ቅጂ ነው። ማኅበራት በየሳምንቱ መዝገባቸውን ወደ ውጫዊ ዲስክ ቢቀዱ፣ ቅጂውን ከቢሮው ውጭ ቢያስቀምጡና አልፎ አልፎ ከፍተው መነበቡን ቢያረጋግጡ፣ የአንድ ማሽን መበላሸት የአባላትን ሂሳብ ይዞ አይሄድም። ያለዚያ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።