የሚነደውን ትቶ የጎረቤቱን ክዳን መግፈፍ

ላሊበላ ላይ የእሳት ነገር ሲነሳ ሁሉም ስለ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ይጨነቃል። አለቱ አይነድም፤ መጋረጃው፣ ምንጣፉና ብራናው ነው የሚያሰጋው። ይበልጥ የተጋለጠው ግን መንደሩ ነው። ምድርና ፎቅ ያለው የአካባቢው የላስታ ክብ ቤት ግድግዳው ቀይ ድንጋይ ነው፤ ክዳኑ ሳር፣ የፎቁ ወለል እንጨት።

ሳር ቤት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጊዜ አይሰጥም። በበጋ ነፋስ ፍንጣሪው ወደሚቀጥለው ክዳን ይዘላል። ስለዚህ ሳር ቤት በሚበዛበት አገር ብልህ ሰው የሚነደውን ትቶ የጎረቤቱን ክዳን ይገፍፋል። ጨካኝ ይመስላል፤ መንደር የሚተርፈው ግን እንዲህ ነው።

ቆርቆሮ ሲመጣ ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ቆርቆሮ ፍንጣሪ ይመክታል። በተያያዙ የጭቃ ቤቶች ግን እሳቱ ከኮርኒሱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ተደብቆ፣ በጋራ ግድግዳው አናት አልፎ ሦስተኛው ቤት ላይ ብቅ ይላል። ከላይ የሚረጨው ውሃ በቆርቆሮው ላይ ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል። መብራቱ ከተቆረጠ በኋላ እሳቱን ቀድሞ ቆርቆሮውን መክፈትና ኮርኒሱን ማፍረስ ግድ ነው። ዘዴው ከሳር ቤቱ የተለየ አይደለም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መላው አገር ያየው ይህንኑ ነው። ተጠጋግተው የተሠሩ ሱቆች፣ የጠበበ መንገድ፣ ለሰዓታት የዘለቀ ርብርብ። አዲስ አበባ እንኳን በዚህ ከተቸገረች፣ ዳገትና ደረጃ የበዛበት፣ ውሃም የሚቸግረው የላስታ ከተማ ምን ይዋጠው?

ዩኔስኮ ላሊበላን በ1978 እ.ኤ.አ. ከመዘገበ ወዲህ ክርክሩ በቅርስና በነዋሪ መካከል ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ከነበሩት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ኩራኩር ወደተባለው አዲስ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደርጓል። የቤቶቹ መራራቅ እሳትን ለመከላከል ጥሩ ነው። ሰው ሲርቅ ግን ኡኡታ ሰምቶ የሚደርሰውም ይርቃል፤ ይህ ብዙም አልተነገረም።

ሳሩ ይነሣ የሚሉትን አልደግፍም፤ የቤቱ መልክ ያለ ሳር አይሟላም። ትልቅ የእሳት አደጋ መኪናም ቀዳሚው ግዢ መሆን የለበትም፤ በመንደሩ መተላለፊያ አይገባምና። የከተማው አስተዳደርና የቅርስ ኃላፊዎች አስቀድመው ከዳገቱ በላይ ሁልጊዜ የሚሞላ የውሃ ጋን፣ በሰው ትከሻ የሚሄድ ፓምፕና ቱቦ፣ በየሰፈሩም መሰላልና ሜንጦ ያስቀምጡ። ይህም ከገና በፊት ይሁን፤ ምእመኑ ጧፉን ይዞ ከተማዋን ሳያጨናንቅ።