ቡገንቪሊያና ጽጌረዳ፦ ለየትኛው ግቢ የትኛው?

ግቢውን በአበባ ለማስዋብ ወደ ችግኝ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ጽጌረዳ ላይ ነው። ጽጌረዳ ገና በላስቲክ ውስጥ እያለች ታብባለች፤ መዓዛዋም ገዢውን ይጠራል። ከጎኗ ያለው ቡገንቪሊያ በዚያ ዕድሜው እሾሃም ቀጭን ዘንግ ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም። ምርጫው በዚህ መንገድ ሲወሰን ግን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በብዙ ግቢ የሚታየው ቅጠሏ የረገፈ፣ ግንዷ የጠቆረ ጽጌረዳ ነው። ጥፋቱ የጽጌረዳዋ አይደለም፤ የባለቤቱን ስንፍና መውቀስም ተገቢ አይሆንም። ተክሏ የምትፈልገውና ግቢው ሊሰጣት የሚችለው ሳይመዛዘን ነው የተተከለችው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞቻችን አጥሩና ሰፊው ቦታ ለቡገንቪሊያ ቢሰጥ፣ ጽጌረዳ ደግሞ ባለቤቱ በእጁ ሊንከባከባት በሚችለው ቁጥር ብቻ ብትተከል ይሻላል። ለዚህ የማቀርበው ምክንያት ከሁለቱ ተክሎች ተፈጥሮ የሚነሣ ነው።

ቡገንቪሊያ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከብራዚል እስከ ፔሩ፣ ቦሊቪያና አርጀንቲና ይበቅላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1766 ዓለምን ለመዞር ከተነሣው ፈረንሳዊ መርከበኛ ከሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ነው። የጉዞው የዕፅዋት ሊቅ ፊሊቤር ኮሜርሶን ተክሉን በ1767 ሪዮ ዴ ጃኔሮ አካባቢ አገኘው። ስለ ተክሉ ማወቅ የሚበጀው ትልቁ ነገር ግን ዓይናችንን የሚስበው ሐምራዊ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነገር አበባ አለመሆኑ ነው። ቀለም የለበሰ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለችው ትንሽ ነጣ ያለች ቱቦ ናት። ድምቀቱ ለሳምንታት የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የአበባ ገጽ ቶሎ ይረግፋል፣ ቅጠል ግን ይታገሣል።

ይህ ተክል በምቾት አያብብም። ውሃና ፍግ ሲበዛለት ቅጠልና ቅርንጫፍ ያበዛል እንጂ ቀለም አይሰጥም። አፈሩ ሲደርቅና ፀሐይ ሲበረታ ነው የሚደምቀው፤ በጋ ላይ፣ ሌላው ሁሉ አቧራ በለበሰበት ወቅት፣ አጥር ሙሉ ሆኖ የሚታየውም ስለዚህ ነው። በክረምት በአንጻሩ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይና ውሃ የማያቁር አፈር ካገኘ፣ ሥር ከሰደደ በኋላ የሚለምነን ነገር ጥቂት ነው። ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማም ሆነ ባሕር ዳርና ሐዋሳ በሚገኙበት መካከለኛ ከፍታ ላይ ይመቸዋል። በአዲስ አበባም ግንብ ተደግፎ፣ ከነፋስ ተጠልሎ በደንብ ያድጋል። ጠላቱ ውርጭ ነው።

ጽጌረዳ የተለየች ናት። ዛሬ በችግኝ ጣቢያ የምናገኛት ጽጌረዳ የረጅም ጊዜ የማዳቀል ሥራ ውጤት ናት። የአውሮፓውያን የቀድሞ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያብቡ ነበር፤ ደጋግመው የሚያብቡት የቻይና ዝርያዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አውሮፓ ገብተው ከነባሮቹ ጋር ሲዳቀሉ ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1867 ፈረንሳዊው ጊዮ ያወጣት «ላ ፍራንስ» የምትባለው ዝርያ የዘመናዊ ጽጌረዳዎች መነሻ ተደርጋ ትጠቀሳለች። ደጋግሞ ማበብ ግን ዋጋ አለው። እያንዳንዱ ዙር አበባ ከአፈሩ ምግብ ይወስዳል፤ ስለዚህ ኮምፖስት ወይም የበሰለ ፍግ በየጊዜው ይፈለጋል፣ የጠወለገው አበባ መቆረጥ አለበት፣ ውሃውም ሳይቋረጥ ጠለቅ ብሎ መድረስ ይኖርበታል። በክረምት ቅጠሉ ረጥቦ ሲውል ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ይዛመትና ያራግፈዋል፤ አዲሱን ቀንበጥ ደግሞ ክሽክሽ ይመጠዋል። ውሃ በቅጠሏ ላይ ሳይሆን በግንዷ ሥር፣ በተለይ በማለዳ ይጠጣላት የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ መከራከሪያ ይነሣል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ጽጌረዳ ወደ ውጭ የምትልክ አገር አይደለችም ወይ? ነች። የደጋው ቀዝቃዛ ሌሊትና ብርቱ የቀን ፀሐይ አበባዋን ትልቅ፣ ዘንጓንም ረጅም ያደርጉታል፤ የአበባ እርሻዎች ከባቱ አንሥቶ እስከ ሆለታ ያሉትን ከፍታዎች የመረጡትም ለዚህ ነው። ነገር ግን በእነዚያ እርሻዎች ጽጌረዳ የምትኖረው በላስቲክ ጣሪያ ሥር ነው። ውሃዋ በጠብታ መስኖ ከነማዳበሪያው ይደርሳታል፣ በሽታዋን በየዕለቱ የሚከታተል ሠራተኛም አላት። የአየር ንብረቱ ለእርሻውም ለግቢውም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ውሃውና ጉልበቱ ግን አንድ አይደሉም። የእርሻው ስኬት ለግቢያችን ዋስትና የሚሆነው ይህ ሁሉ በእጃችን ሲኖር ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ስለ ጥቅም ነው፤ ይህንንም በቅንነት መቀበል ያስፈልጋል። ቡገንቪሊያ መዓዛ የለውም፣ ተቆርጦ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ቢገባ ብዙ አይቆይም፣ ንቦችም ከእሱ የሚያገኙት እምብዛም ነው። ጽጌረዳ በዚህ በኩል እጅግ ትበልጠዋለች። በቡልጋሪያ ካዛንላክ፣ በቱርክ ኢስፓርታና በሳዑዲ ዓረቢያ ጣይፍ የጽጌረዳ ዘይትና ውሃ ከእሷ ይጣራል፤ አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 ኪሎ በላይ አበባ ይፈጃል። ፍሬዋም በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ስለሆነ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ከዱር እየለቀሙ ለሕፃናት ሽሮፕ ሠርተውበታል። የራሳችን የዱር ጽጌረዳ፣ ቀጋ፣ ከሰሐራ በስተደቡብ የሚገኝ ብቸኛ አገር በቀል ጽጌረዳ ሆኖ ሳለ በአትክልት ቦታ አለመታሰቡ በእጅጉ ያሳዝናል። ነጭ አበባው ገጹ ስስና ክፍት ስለሆነ ንብ በቀላሉ ትገባበታለች፣ ፍሬው ይበላል፣ የደጋውን ብርድ ለምዶታል። ሆኖም ዘይት ለማውጣት ወይም ገበያ ለማቅረብ የማያስብ የከተማ ነዋሪ ከአንድ ግቢ የሚጠብቀው ጥላ፣ ከለላና ድምቀት ነው። የብሎኬት ግንብ ለመሸፈን፣ የመኪና ማቆሚያ ለማጥላት፣ ሌባ የማይደፍረው አጥር ለማቆም ጽጌረዳ ከቡገንቪሊያ ጋር አትወዳደርም። መዓዛ የሚሻ ሰው በመስኮቱ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ጽጌረዳ ቢተክል ይበቃዋል፤ ጥቂት ሲሆኑ ተገቢውን ውሃና ፍግ ማግኘት ይችላሉ።

እሾሁ ያስፈራል የሚሉ ወገኖችም እውነት አላቸው፤ የሁለቱም እሾህ ይወጋል፣ የቡገንቪሊያው ቆዳን ሊያስቆጣም ይችላል። መፍትሔው ከመግቢያ በርና ልጆች ከሚጫወቱበት መንገድ ማራቅ፣ ሲገረዝም ወፍራም ጓንት ማድረግ ነው። ክርክሬ ጨርሶ የማይሠራበት ቦታም አለ። ደብረ ብርሃንን በመሰለ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት አካባቢ ለጋ ቡገንቪሊያ ይቃጠላል። በዚያ ጽጌረዳ፣ ከሁሉም በላይ ቀጋ፣ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

ቡገንቪሊያ የመረጠ ሰው የክረምት መግቢያ ላይ ይትከል። እርሳስ የሚያህል፣ የጠነከረ ቁራጭ ቢተክልም ይበቅልለታል፤ ሁሉም ሥር ስለማይሰዱ ግን በርከት አድርጎ መሞከር ይሻላል። የላስቲክ ችግኝ ከሆነ ሥሩ ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ አፈሩ ሳይፈርስ ላስቲኩን ቀድዶ ማውጣት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን በጋ ሳያቋርጥ ያጠጣው፤ ከዚያ በኋላ እጁን ይሰብስብ። እያንዳንዱ የአበባ ዙር ሲያልቅ ቢገርዘው ቀጣዩ ድምቀት በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ይመጣል። ገንዘባችሁን ለችግኝ ከማውጣታችሁ በፊት ፀሐይ በግቢያችሁ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ፣ ውሃም በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣላችሁ አጣሩ፤ ከዚያ ወደ ችግኝ ጣቢያ ሂዱ።