የተተኮሰ ቀለህ ለምን ይሰነጠቃል? የናስ ጥንካሬና ድካም ሳይንስ

ጠመንጃ ሲተኮስ አረሩ በአፈሙዙ ወጥቶ ይሄዳል፤ ባሩዱን ይዞ የነበረው የናስ ቀለህ ግን ከተኳሹ ዘንድ ይቀራል። በአሜሪካ ብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ይህን ቀለህ አጽድተውና ቅርጹን መልሰው እንደገና ይሞሉታል። አንድ ቀለህ እስከ መቼ እንደሚያገለግልና መቼ አደገኛ እንደሚሆን የሚወስነው ግን የብረታ ብረት ሳይንስ ነው።

ለቀለህ የሚመረጠው ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የተዋሐዱበት ነው። ይህ ውሕድ ሳይሰበር ይለጠጣል፤ ተለጥጦም በመጠኑ ይመለሳል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1906 በተቀበለው 30-06 በተሰኘው ጥይት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ከ4,000 እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ቀለሁ ተነፍቶ ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ትኩሱ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ይዘጋል። ግፊቱ ሲወርድ ጥቂት ይኮማተራል፤ በቀላሉ የሚወጣውም ስለዚህ ነው። ወደ ቀድሞ መጠኑ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ስለዚህ ቀለሁ ቅባት ተቀብቶ፣ በጠንካራ ብረት በተሠራ ቅርጽ መመለሻ ውስጥ በኃይል ይገፋል። ይህ ሥራ ሁለት መዘዞች አሉት። አንደኛ፣ ደጋግመው ያጠፉት ሽቦ ደርቆ እንደሚሰበር ሁሉ፣ የሚነፋና የሚጨመቅ ናስም እየጠነከረ ልስላሴውን ያጣል፤ በመጨረሻም አንገቱ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ናሱ ወደ ፊት እየተገፋ ቀለሁ ይረዝማል። የረዘመው አንገት ይቆረጣል፤ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ያለው ግድግዳ ግን እየሳሳ ይሄዳል። በዚያ ቦታ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ከታየ፣ ቀለሁ ለሁለት ሊበጠስ መቃረቡን ሊያመለክት ስለሚችል መጣል ይኖርበታል።

ለደረቀ አንገት መድኃኒቱ እሳት ነው። ናስ በልኩ ሲሞቅ በውስጡ አዳዲስ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ፤ ልስላሴውም ይመለሳል። የሚሞቀው ግን አንገቱና ትከሻው ብቻ ነው። ግፊቱን የሚሸከመው መቀመጫ ከለሰለሰ ቀለሁ በተኳሹ ላይ አደጋ ያደርሳል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ናስ ሳይተኮስም ይሰነጠቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር፣ በዝናም ወራት በፈረስ ጋጣ ያስቀመጣቸው ጥይቶች ያለ ምንም ምት ተሰነጣጥቀው ተገኙ። ምክንያቱ በግልጽ የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1921 ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን ባካሄዱት ጥናት ነው። ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ናሱ ሲሠራ በውስጡ ታምቆ ከቀረው ውጥረት ጋር ተባብሮ ነበር። መፍትሔውም ናሱን በመጠነኛ ሙቀት ከውጥረቱ ማላቀቅና ከአሞኒያ ማራቅ ሆነ።

ቀለህ አሞኒያ ባለበት ማጽጃ እንዳይታጠብ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገሩ በጥይት ብቻ አይወሰንም፤ በየቤቱ ያለው የናስ ቧንቧ መጋጠሚያም ውጥረት ካለበትና አሞኒያ ካገኘው በተመሳሳይ መንገድ ሊሰነጠቅ ይችላል።